የጥሩብርሃን የጡት ልጆች

የመጀመሪያው ጥይት የወጥ ቤቱን መስኮት ሰብሮ ሲገባ ጥሩብርሃን ሩዝ እያጠበች ነበር። ልጆች ድንጋይ የወረወሩ መስሏት «እናንተ ባለጌዎች!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። ሲያትል አጠገብ፣ ቤልቪው ሐይቅ ዳር፣ በር ላይ ዘበኛ የቆመበት ግቢ ውስጥ ድንጋይ ወርዋሪ ልጅ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። ሁለተኛው ጥይት ከጎኗ የቆመውን ግብጻዊ ወጥ ሠሪ አንገቱን ሲበሳው ግን ገባትና ወለሉ ላይ ተጋደመች። ሰውዬው ጭልፋውን እንደያዘ፣ እንደደከመው ሰው ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ደሙ የታጠበው ሩዝ ላይ ፈሰሰ።

በፈረንጅ 1986 ነው፤ ጥር ወር፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ግድም። የተኮሱት ከውጭ የመጡ አልነበሩም። እዚያው ግቢ፣ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ባለው ክፍል የሚያድሩ፣ ትናንት ማታ ያበሰለችውን የበሉ ዘበኞች ናቸው። ሲበሉ «እጅሽ ይባረክ» ብለዋት ነበር።

ቤቱን የተከራየው የኡመይራ ሱልጣን ቤተሰብ ነው። ኡመይራ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከአሸዋው ማዶ ያለች፣ በካርታ ላይ አውራ ጣት የሚሸፍናት ሱልጣኔት ናት። ሱልጣኑ የደም ነቀርሳ ይዟቸው ከመስከረም ጀምሮ ሲያትል ሆስፒታል ተኝተዋል። መቅኒ ተቀይሮላቸው አልያዘም፤ ያን ቀን ጠዋት ሐኪሞቹ «ከዛሬ አያልፉም» ብለዋል። በዚያ አገር አልጋ ከወንድም ወደ ወንድም ነው የሚዞረው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ታይቶ አይታወቅም። ሱልጣኑ ግን ነፍሳቸው አፋፍ ላይ ስትደርስ ወረቀት አስመጥተው «አልጋዬ ለልጄ ለናዲር ይሁን» ብለው ፈረሙ። ታናሽ ወንድማቸው ሸይኽ ጣሂር ይህን ሲሰማ ኮሪደሩ ላይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ያየው ሁሉ ለወንድሙ ያዘነ መስሎት አብሮት አለቀሰ።

የናዲር ጥፋት ብዙ ነው። ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አቃጠሉበት፤ እንደገና ከፈተ። የባሪያ ዘር እየተባሉ ከአሥር አለቃ በላይ እንዳያልፉ የተደረጉትን ወታደሮች፣ እኔ አልጋውን ብይዝ እስከ ጄኔራል ትደርሳላችሁ አላቸው። አንድም ሶላት አጓድሎ አያውቅም፤ አጎቱ ግን «የፈረንጅ ውሻ» ነበር የሚለው። ቀድማ ሲያትል የተሰደደችው፣ ቤተሰቡ ሲመጣ ለወጥ ቤት የጠራት ጥሩብርሃን ፖለቲካው ውስጥ የለችበትም። ናዲር የጡት ልጇ ነው፤ በቃ። ወለሉ ላይ ተጋድማ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ የት ነው?

ልጁ ራሱ መጣ። በካልሲው እየሮጠ፣ «ዩማ! ዩማ!» እያለ። እናቴ ማለቱ ነው። በመኝታ ቤቱ መስኮት ዘሎ ሐይቅ ሐይቁን ቢሮጥ ያመልጥ ነበር፤ ይህ ሞኝ ልጅ ግን እሷን ሊያወጣ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ከኋላው ተኮሱበት። አንዱ ጥይት ቀኝ ክንዱን ሰበረው። ሌላው በጉንጩ ገብቶ መንጋጋውን ሰብሮ ወጣ፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ያኔ የጥሩብርሃን ደም ፈላ። ምድጃው ላይ ለመጥበስ የጣደችው ዘይት ሲንተከተክ ነበር። ጠመንጃውን እየቀባበለ የገባውን ዘበኛ መጥበሻውን አንስታ ፊቱ ላይ ደፋችበት። የሰውዬው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር፤ እየጮኸ በገዛ እጁ ፊቱን ይልጣል። አላዘነችለትም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ ሦስቴ ታርፋለች፤ ያን ቀን ግን አንድ ጎልማሳ ትከሻዋ ላይ አጋድማ ወደ ጓሮው በር ሮጠች።

ጓሮው በር ላይ ሙርጃን ቆሟል።

ሙርጃን የሸይኽ ጣሂር ቀኝ እጅ ነው። ጠይም፣ ረጅም፣ ከናዲር በስድስት ወር የሚያንስ፣ ቁርኣን በቃሉ የሚያውቅ ሰው። ሽጉጡን አነሳና በጥሩብርሃን ትከሻ ላይ ወደተጋደመው ራስ አነጣጠረ። ተያዩ። ከዚያ ሽጉጡን ዝቅ አደረገና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። እሷም ልጇን እንደተሸከመች በአጠገቡ አለፈች፤ ትከሻው ትከሻዋን ነካት።

የወንዳፍራሽ ታክሲ መንገዱ ላይ ቆሟል። ወንዳፍራሽ በየቀኑ በዚያ ሰዓት እየመጣ ኤርፖርት ወዳለው ሁለተኛ ሥራዋ የሚያደርሳት የቤተ ክርስቲያን ወንድሟ ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ንጹሕ ነው። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

«ሶ ዛሬ በጊዜ ጨረሱ እትዬ ጥሩ!» አለ። ከዚያ ደሙን አየ። «ኦ ማይ ጋድ። ኦ ማይ ጋድ! በስመ ሥላሴ!»

«ንዳ!»

«ኢመርጀንሲ ሩም ልውሰደው? ዳውንታውን በሃያ ደቂቃ—»

«ሆስፒታሉ በነሱ ሰዎች ተሞልቷል። ንዳ አልኩህ!»

«እሺ ፖሊስ ኮል ላድርግ?»

ከኋላ ወንበር የናዲር ደም የለበሰ እጅ መጥቶ የወንዳፍራሽን አንገትጌ ጨመደደው። መናገር አይችልም፤ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ጥሩብርሃን ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል። ፖሊስ ቢጠራ ፖሊሱ ኤምባሲውን ይጠራል፤ አምባሳደሩ ደግሞ የሸይኽ ጣሂር አማች ነው። የናዲር እናት ወንድም ግን ከአርባ ወታደር ጋር በገዛ አውሮፕላኑ ተሳፍሯል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲታክ ኤርፖርት ያርፋል። እስከዚያ በሕይወት ከቆየ ይተርፋል። የሚያስፈልገው ሰባት ሰዓት ብቻ ነው።

በአራት መቶ አምስት አውራ ጎዳና ቁልቁል ሲበሩ ወንዳፍራሽ ጸሎትና ስድብ እየቀላቀለ ነዳ። ጥሩብርሃን በነጠላዋ የልጁን አገጭ ደግፋ ይዛለች። መንጋጋው በእጇ ውስጥ እንደ ተሰበረ ሸክላ ይንኮሻኮሻል። «አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ» ትለዋለች፤ በአረብኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች።

ቤቷ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ቡሪየን ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ሁሉ የሚንቀጠቀጥበት አንድ መኝታ ክፍል። ሶፋው ላይ አስተኛችው። ክንዱን በትራስ ልብስ አሰረችለት፣ መንጋጋውን በፎጣ ከራሱ ጋር ጠፍራ ያዘችው። ውሃ እንኳ መዋጥ አልቻለም። በግራ እጁ እስክሪብቶ ጠይቆ የወረቀት ከረጢት ላይ አንድ ሁለት መስመር ጫረ፤ ጥሩብርሃን አየችውና ዓይኗ እንባ ሞላ። አረብኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፤ ፊደሉን ግን አታውቅም። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ መጻፍ የምትማር አገልጋይ በዚያው ቀን ትባረር ነበር። ናዲር ትምህርት ቤቱን የከፈተ ቀን ሲያትል ድረስ ደውሎ «ይሄ ላንቺ ነው ዩማ» ብሏት ነበር፤ ለእሷ ግን ረፍዷል። ልጁም ገባውና እስክሪብቶውን ጣለ። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ሳተ።

ይህን ጊዜ ነው ጥሩብርሃን ያን ነገር ያሰበችው። ባታስበው ምን ነበረበት!

ሙርጃን ለምን ሽጉጡን ዝቅ አደረገ? መልሱ ለሷ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ነበር። ነገሩ ሃያ አራት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከባሏ ጋር ኤደን ወርዳ፣ ባሏ ባሕር ላይ ቀርቶ፣ የወለደችው ልጅ በሳምንቱ ሞቶባት፣ ጡቷ ወተት እንዳጋተ አንድ ደላላ ኡመይራ ቤተ መንግሥት አስገባት። የናዲር እናት ወተት አልነበራትም። ጥሩብርሃን ሁለት ዓመት ሙሉ አጠባችው። ናዲር ስድስት ወር ሲሆነው ደግሞ ያቁት የምትባል የወጥ ቤት ባሪያ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑ ዱቄት ጆንያ ላይ ተጥሎ ሲያለቅስ ጥሩብርሃን አላስችል ብሏት አንስታ ጡቷን ሰጠችው። ያ ሕፃን ሙርጃን ነው። ሙርጃን ይህን አያውቅም፤ የነገረው የለም። ደሙ ግን ያውቃል ብላ አመነች። የአንድ ጡት ልጆች እንዴት ይገዳደላሉ?

እሷ ባደገችበት በጎጃም ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። አባቷ ወጣት ሆኖ ሰው ገድሎ ደም ሲፈለግበት፣ በሌሊት የሟቹን አባት ደጅ መትቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው አጠቡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጡት ልጃቸው ሆነ፤ አገር ሁሉ ጦሩን መለሰ፣ ሽማግሌው ሲሞቱም ከልጆቻቸው እኩል ሐዘን ተቀመጠ። አንዴ ነው የጠባው፤ ያውም ጣት። ሙርጃን የጠባው ግን እውነተኛ ጡት፣ እውነተኛ ወተት ነው!

ስልኩን አነሳች።

«ማን ጋ ነው ኮል የሚያደርጉት?» አለ ወንዳፍራሽ።

«ልጄ ጋ።»

ነገረችው። ወንዳፍራሽ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እትዬ ጥሩ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ጠዋት ሽጉጥ ይዞ ነበር! በጌታ ስም፣ ሰይጣን ነው ያሳሰበዎት።»

«ሽጉጥ ይዞ ነበር፤ ተኮሰ?»

«ባይተኩስስ? ኦኬ፣ አንዴ አልተኮሰም። ሁለተኛ ዕድል ለምን ይሰጡታል?»

«ኤርፖርቱን የጣሂር ሰዎች ከበውት ቢሆንስ? ይሄን ልጅ ማን ያሳልፈዋል? አንተ በታክሲህ?» አለችው። «ባይሆን ፋርማሲ ሂድና ፋሻ አምጣ። ደሙ አልቆም ብሏል።»

ወንዳፍራሽ እያጉረመረመ ወጣ። እሷም የዘበኞቹን ክፍል ቁጥር ደወለች፤ ምግብ ደርሷል ለማለት በየቀኑ የምትደውለው ቁጥር ነው። ያነሳው ራሱ ሙርጃን ነበር። «ልጁ እኔ ቤት ነው» አለችው። «ብቻህን ና። ማንም ያልነገረህን ነገር እነግርሃለሁ።» አድራሻውን ሁለቴ ደገመችለት። አይ ጥሩብርሃን! እንዳይጠፋው ብላ የሕንፃውን ቀለም ሳይቀር ነገረችው።

ስልኩን ስትዘጋ ናዲር ነቅቷል። «ሙርጃን እየመጣ ነው» አለችው፣ የምሥራች እንደምትናገር ሆና። «የኔን ጡት የጠባ ወንድምህ ነው። ዛሬ አልነገርኩህም ማለት መቼም አልነግርህም።» የልጁ ዓይን ፈጠጠ። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፣ ከፎጣው ሥር እንደታፈነ በሬ አጓራ፣ ሊነሳ ሞክሮ ወደቀ። ፈርቶ ነው ብላ ራሱን ደባበሰችው። ጥይት የነከሰው ልጅ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ሙርጃን ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንኳኳ። ብቻውን ነው። ስትከፍትለት ሰላምታ ሰጠ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ከበሩ ውጭ አጋጥሞ አስቀመጠው። ጥሩብርሃን ይህን ስታይ ልቧ ሙሉ በሙሉ ረጋ። ጫማውን አውልቆ የሚገባ ሰው ክፉ አያስብም አለች በልቧ። ሙርጃን ግን የሰው ቤት ሲገባ ሁልጊዜም ያወልቃል።

ሽጉጡ እጁ ላይ ነው። ሶፋው ላይ የተኛውን አየ። ጥሩብርሃን መሃል ገብታ ቆመች።

«ጠዋት ለምን ዝቅ አደረግኸው?» አለችው።

«አንቺ መሃል ነበርሽ። ሴት እንድገድል አልታዘዝኩም።»

ይህ መልስ እንደ ጥፊ መታት። ወደ ኋላ መመለሻ ግን የላትም፤ ነገረችው። ጆንያውን፣ የወጥ ቤቱን ጭስ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ የጨበጣትን ጣት። ሙርጃን በሕይወቱ ስለ እናቱ አንድ ቃል ሰምቶ አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ሁሉ ተለዋወጠ።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ያቁት ይሏት ነበር። እውነተኛ ስሟን ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ጫልቱ ነበረች። የጅማ ልጅ። በልጅነቷ ከሜዳ ነው የወሰዷት።»

«ምን ትመስል ነበር?»

«አንተን። ሳቂታ ነበረች እንጂ፣ ቁመናው ያንተ ነው።»

አንድ አውሮፕላን በላያቸው አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ። ጸጥ ሲል የሙርጃን ድምፅ ተለውጦ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ «ዩማ» አላት።

«ዩማ፣ ስንት ጊዜ አጠባሽኝ?»

«ምን?»

«ስንት ጊዜ? እስክጠግብ ያጠባሽኝ ስንት ጊዜ ነው?»

በዚህ ጊዜ ከኋላዋ የናዲር ግራ እጅ ቀሚሷን ጎተታት። ዞር አለች። ልጁ እጁን ወደ ላይ አንስቶ አምስቱንም ጣቶቹን ዘርግቷል። ያዢኝ ያላት መሰላት። ጣቶቹን በጣቶቿ መሃል አስገብታ ጥብቅ አድርጋ ያዘችውና ወደ ሙርጃን ተመለሰች።

«ሦስት ጊዜ» አለች።

«አስቢ እስኪ። ብዙ ዘመን ነው። ረስተሽው እንዳይሆን።»

«እንዴት እረሳለሁ! በያንዳንዱ ተገርፌበታለሁ። የልዑሉን ወተት ለባሪያ ልጅ ሰጠሽ ብለው ጃንደረባው በአለንጋ ጀርባዬን ገለበጠው፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ጊዜ። ጠባሳው አለ፤ ላሳይህ?»

«ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሻለሁ» አለ ሙርጃን። ጉንጩ ላይ እንባ ይወርዳል። «በደንብ አስቢና መልሺልኝ። ስንት ነው?»

ጥሩብርሃን ጌታን ከተቀበለች ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሸት እርም ብላለች፤ አገሩ ሁሉ ዕድሜውን ሲቀንስ እሷ ኢሚግሬሽን ቢሮ ተመልሳ ሄዳ የተወለደችበትን ዓመት ያስተካከለች ሴት ናት። እንዲህ ሲለምናት የተጠራጠራት መሰላት። ተቆጣችም።

«ጌታ ምስክሬ ነው፤ ሦስት ነው። አንድም አልጨመርኩ፣ አንድም አልቀነስኩ!»

ሙርጃን ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው እንግዳ ሰው ሆኖ ነበር። በግራ እጁ ትከሻዋን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት፤ የናዲር እጅ ግን ከእጇ አልወጣም። ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዱ ደረቱን፣ አንዱ ግንባሩን። የልጁ ሰውነት ሶፋው ላይ አንዴ ዘለለና ተኛ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ በደም ተረጨ።

ጥሩብርሃን ናዲር ላይ ወደቀችበት። ፊቱን በሌላው መዳፏ ልትሰበስበው ሞከረች፤ የሚሰበሰብ አልነበረም።

ሙርጃን ከግድግዳው ሥር ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አድርጎ። እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ነበር።

«ሕጉ አምስት ነው» አለ። «ሌላ ዘንድ አንዴም ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኛ አገር የሚሠራበት ግን አምስት ነው። አምስት ጊዜ ከጠባሁ እሱ ወንድሜ ነው፣ አንቺ እናቴ ነሽ። ከዚያ በታች ምንም ነው። ደጋግሜ የጠየቅሁሽ ለምን መሰለሽ? አምስት ብትይኝ ሸይኹ ፊት ቆሜ ‹የጡት ወንድሜ ነው፣ አልችልም› እል ነበር። የሕግ ሰው ነኝ ይላልና በዚያ ሊያስገድደኝ አይችልም። ልጆቼ እሱ እጅ ናቸው፤ ሌላ ማምለጫ አልነበረኝም። መንገዱን ዘርግቼልሽ እኮ ነበር! አምስት ማለት ምን ነበረበት?»

የገዛ ወንድሙን ልጅ ያስገደለ ሰው በወተት ሕግ ያፍራል መባሉ ያስቃል። ጥሩብርሃን ግን አልሳቀችም። እጇ ውስጥ ያለውን እጅ ነው ያየችው። ጣቶቿን ከጣቶቹ መሃል ቀስ ብላ አወጣች። የናዲር ግራ እጅ እንደተዘረጋ ቀርቷል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት። እስከ ትንሿ ድረስ ቆጠረቻቸው።

ያዢኝ ማለቱ አልነበረም። በዪ እያላት ነበር። አምስት በዪው፣ ዩማ። እሷ ግን ያንን እጅ እንደ ሕፃን እጅ ይዛ፣ አባብላ፣ ዘጋችው። ልጇን ያጠፋው ሙርጃን ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቀች፤ ጠርታ ያመጣችው እሷ፣ በር የከፈተችለት እሷ፣ እውነቱን የተናገረች እሷ። ጥላቻው ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ራሷ ነበር። ከዚያ ከሷ ተርፎ ወለሉ ላይ ወደተቀመጠው ሰው ፈሰሰ።

ሙርጃን ሽጉጡን በአፈሙዙ ይዞ ወደ እሷ ገፋው።

«ውሰጂ» አለ። «ልጅሽን ገድያለሁ። እናቴ ስላልሆንሽ ኃጢአት የለብሽም።»

ጥሩብርሃን ሽጉጡን አልነካችውም። ቀና ብላ አየችው። ድምጿ ሲወጣ የራሷ አልመሰላትም፤ የተረጋጋ ነበር።

«ሦስት ያልኩህ የተገረፍኩባቸውን ነው» አለችው። «ያልተያዝኩባቸውን መች ነገርኩህ?»

ሙርጃን ቀና አለ።

«ምን አልሽ?»

«ጃንደረባው አርብ አርብ ሌላ ከተማ ይሄድ ነበር። አርብ ማታ ማንም አያየኝም። እስክትጠግብ አጠባሃለሁ፣ እጄ ላይ እንቅልፍ ይወስድሃል። ሦስት ወር ሙሉ። አሥር ይሁን አሥራ ሁለት፣ እሱን አልቆጠርኩም።»

«ትዋሺያለሽ።»

«እኔ?» አለችው። «ከደቂቃ በፊት በውሸት ልጄን ማዳን ስችል ያልዋሸሁ ሴት፣ አሁን ምን ልጠቀም ብዬ ነው የምዋሸው?»

ፊቷን አገላብጦ መረመረ፤ ከሱ ሽሽት ዓይኗን አልሰበረችም። ቀስ በቀስ አመናት። ማመኑ ፊቱ ላይ ሲወርድ አየች፣ እንደ ቤት ከላይ ወደ ታች ሲፈርስ። ሶፋው ላይ ያለውን አስከሬን «አኺ» አለው፤ ወንድሜ። ተንፏቆ ሄዶ የናዲርን እግር ሳመ። ካልሲው በደም ተጣብቆ ነበር። ከዚያ ለእሷ ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ ሽጉጡን አነሳና አገጩ ሥር ደገነ።

ለመጨረሻ ጊዜ አያት። «አቁም» ብትለው ያቆም ነበር። አንድ ቃል ነው የሚጠብቀው። ጥሩብርሃን አፏን ዘጋች። ምላጩን ሳበ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሰማችው የለም። ሁለት ሰው ተኝቷል፤ አንዱ ሶፋ ላይ፣ አንዱ ወለል ላይ። ሙርጃን ወደ ጎን ሲወድቅ ፊቱ ወደ እሷ ዞሮ ነበርና የያቁት መልክ ጎልቶ ታየ። የራሷ አገር ሕግ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። አንዴ የጠባ ልጅ ነው ስትል የኖረች ሴት ናት። ሦስት ጊዜ አጥብታው፣ ሦስት ጊዜ ተገርፋለት፣ በገዛ አፏ ገደለችው። በሱ ሕግ ልጇ ባይሆን በሷ ሕግ ነበር። እጇን ዘርግታ ዓይኑን ከደነችለት።

ወንዳፍራሽ ፋርማሲ አልሄደም ነበር። ቃሏን ጥሶ ከመንገድ ስልክ ፖሊስ ጠርቷል፤ አድራሻውን እስኪያስረዳ፣ እስኪያምኑት፣ እስኪመጡ የሆነው ሁሉ ሆነ። ሁለት ፖሊሶች ሽጉጥ ደግነው ሲገቡ ከኋላቸው እሱም ገባ። አንደኛው ፖሊስ እጅሽን አንሺ ብሎ ጮኸባት። ሁለተኛው አስከሬኖቹን አየና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ወንዳፍራሽ ወለሉ ላይ ያለውን፣ አገጩ ሥር የቀረውን ሽጉጥ ተመለከተ። ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጀበት።

«ራሱን ነው?» አለ። «እትዬ ጥሩ፣ ምን ብለውት ነው?»

ጥሩብርሃን ደም የለበሱ እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ተቀምጣለች።

«ዋሸሁት» አለችው።